የኳስ ተጫዋችና ዳኛ የነበረው የፍሬድሪክ ስሌተር የሕይወት ታሪክ

ጉልበትና ፍርድ ዐዋቂነት ለአንድ ሰው ባንድ ጊዜ የሚሰጡ ጸጋዎች አይደሉም። ጉልበት በወጣትነት መጥቶ በሽምግልና ደጃፍ የሚሰናበት እንግዳ ነው፤ ፍርድ ዐዋቂነት ግን ሰው ብዙ አይቶ፥ ብዙ ታግሦ፥ ጠጕሩ መሸበት ሲጀምር የሚመጣ ነው። ስለዚህም ብርቱ የሆነው ሰው ብዙ ጊዜ ለመፍረድ ይቸኵላል፤ ለመፍረድ የበቃውም ጉልበቱ ከድቶት ይገኛል። በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን የሶምሶንን ታሪክ የምናውቅ ሁሉ፥ ክንደ ብርቱነትና ዳኝነት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ አንስተውም።

ዛሬ ታሪኩን የምጽፍለት ሰው ግን ሁለቱን በየተራቸው ተቀብሎ፥ ሁለቱንም በየማዕርጋቸው የያዘ ነው። ይኸውም በአሜሪካ አገር ተወልዶ፥ በወጣትነቱ ከአገሩ ኳስ ተጫዋቾች መካከል በብርታት የተመሰገነ፥ በጎልማሳነቱም በቺካጎ ከተማ በዳኝነት ወንበር የተቀመጠው ፍሬድሪክ ዌይማን ስሌተር ነው። ታሪኩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የኳሱ ዝና አይደለም፤ ፍርድ የተጓደለበት ሰው ለሌላው ፍርድ ሊሰጥ ሲቀመጥ ከምን ተምሮ ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ነው እንጂ። ይህም ጥያቄ ለካህኑም ለምእመኑም ይገባል፤ ከመካከላችን በሰፈር ዕርቅ፥ በድንበር ክርክር፥ በባልና በሚስት ጠብ ለዳኝነት ያልተቀመጠ ጥቂት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ ወይም ይወራወሩታል፤ በእግር የሚመቱት አልፎ አልፎ ነው። በያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ሜዳውም ከግብ መሥመር እስከ ግብ መሥመር 100 ያርድ፥ ማለት ከ91 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ኳሱን የያዘው ሰው የባላጋራውን መሥመር ጥሶ ወደ ፊት ለመሄድ ይታገላል፤ ባላጋራዎቹም ይዘው ሊጥሉት ይሽቀዳደማሉ። ከያዡ ፊት ሆነው በትከሻቸውና በደረታቸው እየገፉ መንገድ የሚከፍቱለት ሰዎች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ታክል ይባላል። ታክል ኳስ ይዞ አይሮጥም፥ ነጥብ የሚያገባውም ሌላ ነው፤ የሚመለከተውም ሕዝብ ስሙን እምብዛም አይጠራም። የእርሱ ሥራ ሌላው የሚያልፍበትን በር መክፈት ነው። ፍሬድሪክ ስሌተር በኳስ ዘመኑ የቆመበት ስፍራ ይህ ነበረ።

ፍሬድሪክ ስሌተር በዲሴምበር 9 ቀን 1898 በኢሊኖይ ክፍለ አገር፥ ኖርማል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆርጅ ስሌተር በአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰባኪ ነበሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1816 በፊላደልፊያ ከተማ ጥቁሮች ያቋቋሟት ናት። በነጮቹ ጸሎት ቤት ከነጮች እኩል የሚንበረከኩበት ስፍራ ስለ ተከለከሉ፥ ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን መቅደስ ሠሩ። የመጀመሪያው ኤጲስቆጶሳቸውም ሪቻርድ አለን፥ በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘብ የዋጀ ሰው ነበረ። እንግዲህ ፍሬድሪክ ያደገው በር ቢዘጋበት ሌላ በር መክፈት በለመደ ሕዝብ መካከል ነው።

በሕፃንነቱም ዱክ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ይህን ስም ያገኘው ከቤተሰቡ ውሻ ነበረ፤ ውሻው ዱክ ይባል ነበርና ስሙ ወደ ልጁ ተላለፈ፥ እስከ ዕለተ ሞቱም ሰው ሁሉ በዚሁ ጠራው። ዱክ የሚለው ቃል በእንግሊዝ ቋንቋ መስፍን ማለት ነው። መስፍን ደግሞ በእኛ በግእዙ ገዥ ብቻ ሳይሆን ፈራጅ ማለትም እንደ ሆነ፥ መጽሐፈ መሳፍንትን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበው አይደለም፤ ነገር ግን በጨዋታ የወጣው ስም ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእውነት ተፈጸመ።

ቤተሰቡ በቺካጎ ጥቂት ዘመን ከተቀመጠ በኋላ፥ አባቱ በአዮዋ ክፍለ አገር፥ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ክሊንተን ለአገልግሎት ስለ ተላኩ ልጁም አብሮ ሄደ። በዚያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ፉትቦል ለመጫወት ፈለገ። አባቱ ግን አጥንት የሚሰብርና ሰው የሚያጎድል ጨዋታ ነው ብለው ከለከሉት። ልጁ ተደብቆ ይጫወት ጀመር፤ ዳሩ ግን የተቀደደው የጨዋታ ልብሱ በቤት ውስጥ ሲጠገን አባቱ አዩና ነገሩ ተገለጠ። ክልከላውም በጸና ጊዜ ፍሬድሪክ በአባቱ ላይ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ምግብ ግን ተወ። እስከ ጥቂት ቀንም እህል ሳይቀምስ ቢሰነብት የአባት አንጀት ተላወሰ፤ ራስህን ጠብቅ ብለው ፈቀዱለት። ስለዚህም ልጁ ሕመም ሲሰማው እንኳ አባቱ እንዳያውቁበት ተጠንቅቆ ይጫወት ነበረ።

በዚያን ጊዜ በክሊንተን ትምህርት ቤት ተጫዋቹ ጫማውንና የራስ ቍሩን በገንዘቡ ይገዛ ነበረ። የሰባኪው ደመወዝ ግን ጥቂት ነው፤ ልጆችም ብዙዎች ነበሩ። አባቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እገዛልሃለሁ፥ ምረጥ አሉት። ፍሬድሪክም ጫማውን መረጠ። እግሩ እጅግ ትልቅ ስለ ነበረ ጫማው በልክ ተለይቶ ይታዘዝ ነበርና፥ የሌላ ሰው ጫማ ተውሶ መጫወት አይችልም። ከዚህ የተነሣ ራሱን ሳይሸፍን መጫወትን ለመደ፤ በኋላም ቍር ለመግዛት ሲችል እንኳ ብዙ ጊዜ ባዶ ራሱን ይሰለፍ ነበረ። ድኻ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ምርጫ ያውቀዋል፤ ሁለት የሚያስፈልጉ ነገሮች ሲኖሩ አንዱን ትቶ በሌላው መቆም ማለት ነው። እርሱም የሚቆምበትን እግር ያዘ፥ ራሱን ግን ለምቱ ሰጠ።

አንድ ጊዜም ትምህርት ሰልችቶት ትቶ ሊወጣ አሰበ። አባቱ አልተቈጡትም፤ ይልቁንም ሥራ ፈለጉለት። ሥራውም በክረምት የሚረጋውን የሚሲሲፒን ወንዝ በረዶ በመጋዝ እየቈረጡ ማውጣት ነበረ። በዚያ ዘመን ሰዎች ለበጋ ማቀዝቀዣ የሚያኖሩትን በረዶ እንዲህ ነበር የሚያገኙት። ወጣቱ በነፋስና በቍር መካከል በረዶ ሲጎትት ከሰነበተ በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። አባት ልጁን በምክር ብዛት ሳይሆን ሥራውን ራሱን አስተማሪ አድርጎ እንደ መለሰው ልብ ይሏል።

በ1918 ፍሬድሪክ ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ዓመት የዓለም ጦርነት ስለ ነበረ ለአዲስ ገቢዎች የተከለከለው ጨዋታ ተፈቅዶላቸው፥ እርሱም እስከ 1921 አራት ዓመት ሙሉ ተጫወተ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ85 ያህል፥ ክብደቱም ከ95 ኪሎ በላይ ነበረ፤ ይህም በጊዜው እንደ ግዙፍ የሚያስቈጥር ነበረ። ነገር ግን ሕዝብ በሜዳ ሲያጨበጭብለት ዩኒቨርሲቲው በማደሪያ ቤቱ አላስገባውም። ጥቁር ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ እንዲኖሩ የተፈቀደው በ1946 ነውና፥ የአዮዋን ስም በአገሩ ሁሉ ያስጠራው ተማሪ ማታ የሚተኛው ከግቢው ውጭ ነበረ።

ስሙን ከሁሉ በላይ ያገነነው በኦክቶበር 8 ቀን 1921 የተደረገው ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን አዮዋ ከኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተገናኘ። የኖትር ዳም ቡድን ክኑት ሮክኒ የሚባለው ዝነኛ አሠልጣኝ የሚመራው ሲሆን፥ ከዚያ በፊት 20 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበረ። አዮዋ ግን በዚያ ቀን 10 ለ7 ረታው። ጎርደን ሎክ ኳሱን ይዞ ወደ ግብ ሲገባ፥ መንገዱን የከፈተው ባዶ ራሱን የተሰለፈው ስሌተር ነበረ። በዚያ ቀን የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ፤ በእርሱ ላይ ስሌተር ያለ ራስ ቍር የኖትር ዳምን ሰዎች እየገፋ፥ ከኋላው ኳስ የያዘው ጓደኛው ሲያልፍ ይታያል። ፎቶግራፉን ያየ ሰው የአሸናፊውን ስም የሚጠይቀው ኳሱን ከያዘው አይደለም፤ በሩን ከከፈተው ነው።

በዚያ ዓመት አዮዋ ሰባት ጊዜ ተጫውቶ ሰባቱንም አሸነፈ፤ የአውራጃውንም ሻምፒዮናነት ወሰደ። ስሌተርም ከአገሩ ምርጥ ተጫዋቾች ጋራ ተመረጠ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ እጅግ ብርቅ ነበረ።

በ1922 ኳስን በደመወዝ ለመጫወት ከሮክ አይላንድ ቡድን ጋራ ተዋዋለ። ይህች ከተማ በዚያው በሚሲሲፒ ዳር፥ በኢሊኖይ በኩል ያለች ናት። የሙያተኞች ማኅበር ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበረ፤ በዚህም ማኅበር ውስጥ በመሥመር ላይ ከሚሰለፉት ተጫዋቾች መካከል ስሌተር የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከፊተኞቹ ከነፍሪትዝ ፖላርድና ከነፖል ሮብሰን ጋራ፥ ማኅበሩ በሩን ገና ሳይዘጋ የገቡት ጥቂቶች ነበሩ። በሮክ አይላንድም ከነባር አሜሪካውያን ወገን የሆነው ዝነኛው ጂም ቶርፕ በ1924 አብሮት ተጫወተ።

በዚያው በ1924 ቡድኑ በሚዙሪ ክፍለ አገር ወዳለችው ወደ ካንሳስ ሲቲ ለመጫወት ሄደ። በዚያ አገር ጥቁር ከነጭ ጋራ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት የሚል ልማድ ነበረና፥ ስሌተር ከሰልፍ ወጣ። አልታመመም፥ አላጠፋም፥ አልደከመም፤ በቆዳው ቀለም ብቻ ተቀመጠ። ቡድኑም ያለ እርሱ ተጫውቶ ተሸነፈ። በኋላ ካንሳስ ሲቲ ወደ ሮክ አይላንድ በመጣ ጊዜ ግን ስሌተር በስፍራው ቆመ፥ ቡድኑም አሸነፈ። በሙያው ዐሥር ዓመት ሲጫወት በቀለሙ ምክንያት ከሰልፍ የወጣው በዚያ ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቆም ብለህ ተመልከት። ለአንድ ሰው የተጻፈ ሕግ ቢኖርበት፥ ያን ሕግ ማንበብ ይችላል፤ ያወጣውንም ያውቃል፤ ወደ ዳኛም ሄዶ ይከራከርበታል። ስሌተርን ያስቀመጠው ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያልተጻፈ ስምምነት ነው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ማኅተም የለበትም፤ ሁሉም ይፈጽመዋል፥ የኔ ነው የሚል ግን የለም። በደለኛው ስም የሌለው በደል ከበደል ሁሉ ይከፋል፤ የሚከሰስ የለምና። ይህ ሰው ሕግን ለመማር የፈለገው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም። ሕግ ቢያንስ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍም ለድኻውና ለባለጸጋው አንድ ዐይነት ይነበባል።

በ1926 የሮክ አይላንድ ቡድን ከማኅበሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አዲስ ማኅበር ቢገባ፥ አዲሱ ማኅበር ሳይጸና ፈረሰ። ስሌተርም ወደ ቺካጎ ካርዲናልስ ተዛወረ። በ1927 ግን ሌሎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ሁሉ ከማኅበሩ ወጥተው እርሱ ብቻውን ቀረ። ከዚያም እስከ 1931 ድረስ በማኅበሩ ውስጥ የነበሩት ጥቁሮች በአንድ ዓመት ከሁለት አልበለጡም። እንዲህ ብቻውን በቆመበት ጊዜ የያንዳንዱ ስሕተት ዋጋ በእርሱ ላይ ብቻ የሚቈም አልነበረም። ነጭ ተጫዋች ቢበሳጭና ቢማታ የአንድ ሰው ጠባይ ይባላል፤ እርሱ ቢማታ ግን የወገኑ ሁሉ ጠባይ ተብሎ በሩን ለመዝጋት ምክንያት ይሆን ነበር። ስለዚህም ጉልበቱን በጨዋታው ደንብ ውስጥ አድርጎ ያዘ።

በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱን አልተወም። የጨዋታው ወራት ሲያልቅ ወደ አዮዋ እየተመለሰ ሕግ ይማር ነበረ፤ በመጸው ይጫወታል፥ በቀረው ወራት መጽሐፍ ይመረምራል። እንዲህ እያደረገ በ1928 የሕግ ዲግሪውን ተቀበለ። ጓደኞቹ ከጨዋታ በኋላ በሚያርፉበት ጊዜ እርሱ ለሚመጣው ዘመን ስንቅ ይሰንቅ ነበር ማለት ነው። ጉልበት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ብርቱ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ እርሱ ግን ገና ጉልበቱ ሙሉ ሳለ ይህን ዐወቀ።

ሕጉንም ከጨረሰ በኋላ ገና ሦስት ዓመት ተጫወተ። በኖቬምበር 28 ቀን 1929 አሜሪካውያን የምስጋና በዓል በሚሉት ቀን፥ ካርዲናልስ ከከተማቸው ልጆች ከቺካጎ ቤርስ ጋራ ተገናኙ። በዚያ ቀን ኧርኒ ኔቨርስ የሚባለው ጓደኛው የቡድኑን ነጥብ በሙሉ፥ 40 ነጥብ ብቻውን አገባ፤ ቤርስ ያገኙት 6 ብቻ ነበረ። በአንድ ጨዋታ አንድ ሰው 40 ነጥብ ማግባቱ እስካሁን በማኅበሩ መዝገብ አልተበለጠም። ኔቨርስ ያለፈበትን መንገድ ከሚከፍቱት አንዱ ግን ስሌተር ነበረ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሜዳው ሳይወጣ ተጫወተ። የኔቨርስ ስም በመዝገብ በትልቅ ፊደል ተጻፈ፤ የታክሉ ስም ግን በዚያ መዝገብ ላይ ስፍራ የለውም። የዚያ ሥራ ጠባዩ ይህ ነው፥ ስሌተርም ይህን ዐውቆ የያዘው ነው።

በ1931 ጨዋታውን ተወ። እርሱ ከወጣ በኋላ ያ ያልተጻፈ ስምምነት በሩን ፈጽሞ ዘጋው። ከ1934 እስከ 1945 ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በማኅበሩ ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ በሩ የተከፈተው በ1946 ነው። ዐሥር ዓመት በብርታትና በጨዋነት ተጫውቶ፥ ከኋላው በሩ ሲዘጋ ማየት ለአንድ ሰው ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው። መልካም ሥራ ሁልጊዜ በቶሎ ዋጋውን ያገኛል የሚል ሰው ካለ፥ ይህን ታሪክ ያንብብ።

ስሌተር ግን በተዘጋው በር ላይ ቆሞ አልቀረም። በ1930ዎቹ ዓመታት ቦታ ያጡትን ጥቁር ተጫዋቾች እየሰበሰበ ቡድን ያሠለጥን ነበረ። በ1938ም ከሬይ ኬምፕ ጋራ ሆኖ የተመረጡ ጥቁር ተጫዋቾችን አሠልጥኖ ከቺካጎ ቤርስ ጋራ አጋጠማቸው። ልምምዳቸው አጭር ነበርና 51 ለ0 ተሸነፉ። ሽንፈቱ ታላቅ ነበረ፤ ነገር ግን በሩ ተዘግቶ ሳለ ከበሩ ፊት ቆሞ ማንኳኳትም ሥራ ነው። ወጣቶችንም ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄደው እንዲማሩ ይመክርና ይረዳ ነበረ።

በዚህ መካከል በቺካጎ የጥብቅና ሥራ ይሠራ ነበረ። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነገረ ፈጅ ረዳት ሆኖም አገለገለ። ያን ጊዜ ቺካጎ እጅግ ትለዋወጥ ነበረች። ከደቡብ አገር ከግፍና ከድኽነት ሸሽተው የሚመጡት ጥቁሮች በዝተው፥ በ1910 በከተማይቱ 44 ሺህ ያህል የነበሩት በ1950 ወደ 492 ሺህ ደርሰው ነበር። ለዚህ ሁሉ ሰው ግን የሚኖርበት ሰፈር ጠባብ ነበረ። የቤት ባለቤቶች ቤታችንን ለጥቁር አንሸጥም፥ አናከራይም ብለው እርስ በርሳቸው በጽሑፍ ይዋዋሉ ነበርና። በሜይ 1948 የአሜሪካ የበላይ ፍርድ ቤት፥ ከሚዙሪና ከሚቺጋን በመጡ ክርክሮች ላይ፥ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም አይገባቸውም ብሎ ፈረደ። ይህች ሚዙሪ ከሃያ አራት ዓመት በፊት ስሌተር ከሰልፍ የወጣባት አገር ናት።

በዚሁ በ1948 ፍሬድሪክ ስሌተር የቺካጎ ማዘጋጃ ቤት ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ በሕዝብ ድምፅ ተመረጠ። በዚያ ከተማ ዳኛ የሚሆነው ሕዝብ ሲመርጠው ነበርና፥ የመረጡት ጥቁሮች ብቻ አልነበሩም፤ በድምፅ ብዛት ከጥቁሮቹ እጅግ የሚበልጡት ነጮች በነበሩበት ከተማ ነው የተመረጠው። ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ጥቁሮች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ዕድሜውም ሃምሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበረ።

ያ ችሎት የታላላቅ ነገሥታትና የባለሀብቶች ነገር የሚታይበት አልነበረም። የጥቂት ገንዘብ ዕዳ፥ የቤት ኪራይ ክርክር፥ የጎረቤት ጠብ፥ የቀላል ወንጀል ክስ የሚመጣበት ችሎት ነበረ። ነገሩ ቀላል የሚሆነው ግን ለተመልካቹ ነው፤ ለድኻው የአንድ ወር ኪራይ ርስቱ ነው፥ የአንድ ቀን እስርም የሥራው መጥፊያ ነው። በትልቅ ነገር የሚፈርድ ዳኛ ብዙ ዐይን ይጠብቀዋል፤ በትንሽ ነገር የሚፈርደውን ግን ከኅሊናው በቀር የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ የፍርድ እውነት የሚፈተነው በትንሹ ችሎት ነው። ያለ ጥፋቱ ተቀመጥ የተባለ ሰው፥ ያለ ጥፋቱ ተቀመጥ ሊባል የሚችለውን ሰው በፊቱ አቁሞ ያይ ነበረ።

በዳኝነቱም ሕዝብ ደጋግሞ መረጠው። በ1960 ወደ ከፍተኛው የኩክ አውራጃ ፍርድ ቤት ወጣ፤ በዚያም ችሎት ከጥቁሮች ወገን የመጀመሪያው ዳኛ እርሱ ነበረ። በ1964 የኢሊኖይ የዳኝነት ሥርዐት ሲሻሻል ልዩ ልዩ የነበሩት ፍርድ ቤቶች በአንድነት ተጠቃለሉ፤ ስሌተርም በአዲሱ ፍርድ ቤት ውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

በ1926 ያገባት ሚስቱ ኤታ ሴርሲ ትባል ነበረች፤ ልጆች አልወለዱም። ፍሬድሪክ ስሌተርም ነቀርሳ በሆዱ ገብቶበት በኦገስት 1966 በተወለደ በ67 ዓመቱ በቺካጎ ዐረፈ። እስከሚሞት ድረስ ከዳኝነቱ አልወረደም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል በወንበር ተቀምጧል። እንግዲህ ከኳስ ዘመኑ የዳኝነቱ ዘመን ይበልጣል።

ክብሩ ከፊሉ በሕይወቱ ሳለ፥ ከፊሉ ከሞተ በኋላ መጣ። በ1951 የኮሌጅ ፉትቦል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ዝነኞች ሲመርጥ፥ በመካከላቸው ከጥቁሮች የተገኘው ስሌተር ብቻ ነበረ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1972 አንዱን የተማሪዎች ማደሪያ በስሙ ጠራው። ማታ የሚያድርበት አልጋ የተከለከለው ሰው፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስሙ በማደሪያው ደጃፍ ላይ ተጻፈ። የሙያተኞቹ የክብር አዳራሽ ግን በ1963 ከተከፈተ ጀምሮ አልፎት ኖሮ፥ በ2020 መረጠው፤ ይኸውም ከሞተ 54 ዓመት በኋላ ነው። በ2021ም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሚጫወትበት ሜዳ በስሙ ተጠራ፤ ባዶ ራሱን ሆኖ በር የከፈተበት የ1921ዱ ጨዋታም በስታዲየሙ በቅርጽ ተሠርቶ ቆሟል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ይህ ሰው በካንሳስ ሲቲ በተከለከለ ጊዜ ስለ ምን ቡድኑን ጥሎ አልሄደም፥ ስለ ምንስ ጨዋታውን አልተወም ይል ይሆናል። ይህን የሚለውን ሰው አልነቅፍም፤ ግፍን ጥሎ መውጣትም የተከበረ መንገድ ነው፥ የአባቱ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ወጥታ ነው የቆመችው። ነገር ግን ጥሎ የሚወጣ እንዳለ ሁሉ፥ በሩ ጨርሶ እንዳይዘጋ በበሩ መካከል ቆሞ የሚውልም ያስፈልጋል። ስሌተር ይህን ሁለተኛውን መረጠ። መዋሉም ቀላል አልነበረም፤ ከቆመበትም በወጣ ማግስት በሩ እንደ ተዘጋ አይተናል። በሩን ይዞት የኖረ እርሱ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

የተበደለ ሰው ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም የተቀበለውን በደል ለሌላው ይመልሳል፥ ወይም ያ በደል ከእርሱ አልፎ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይጠብቃል። የፊተኛው ብዙ ሰው የሚሄድበት ሰፊ መንገድ ነው። የኋለኛው ግን ጠባብ ነው፤ በእርሱ የሚሄድ ሰው ምቱን በራሱ ላይ ተቀብሎ ከኋላው የሚመጣውን ያሳልፋል። ይህም ፍሬድሪክ ስሌተር በወጣትነቱ በሜዳ የተማረው ሥራ ነበረ። በሸንጎም ሆነ በቤቱ ለመፍረድ የሚቀመጥ ሁሉ፥ ሊፈርድ አፉን ከመክፈቱ በፊት፥ እርሱ ራሱ ያለ ፍርድ የተቀመጠበትን ቀን ያስብ። ያን ቀን ያልረሳ ሰው በሌላው ላይ በችኰላ አይፈርድም።